ውሃውን አስወጡት

አዲስ የመጣ የማስተርስ ተማሪ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይጠይቀኛል፦ «መምህር፣ በቲን ካታሊስት በጥቂት ሰዓት የሚያልቀው ፖሊኤስተር በኢንዛይም ቀንና ሌሊት የሚፈጀው ለምንድን ነው?» ከጎናችን ያለው ባልደረባዬ ግን አይጠይቅም፤ ፈርዷል። ለእሱ ኢንዛይም ቅንጦት ነው።

መልሴ አንድ ነው፤ የሚያጓትተን ኢንዛይሙ ሳይሆን ውሃው ነው። የምንጠቀምበት ኢንዛይም፣ ላይፔዝ፣ ሲፈጠር ሥራው ስብን በውሃ መፍታት ነው። ዛክስና ክሊባኖቭ በ1984 እ.ኤ.አ. የአሳማ ቆሽት ላይፔዝ ውሃ የለበትም በሚባል ፈሳሽ ውስጥ፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት ሳይሞት ሲሠራ አሳዩ። እኛም የምንኖረው በዚያ ግኝት ነው። አሲድና አልኮል በተያያዙ ቁጥር ግን አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትወጣለች፤ ካላባረርናት ያው ኢንዛይም የሠራውን መልሶ ይቆርጥባታል።

ስለዚህ ሙያው ያለው ቫኩም ፓምፑ ላይ ነው። ቸኩሎ ከመጀመሪያው አየሩን የሚመጥ ሰው አልኮሉን፣ ማለትም ዳዮሉንም አብሮ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የአሲዱና የአልኮሉ ልክ ስለተዛባ ሰንሰለቱ አይረዝምም። መጀመሪያ አጫጭሩ ሰንሰለት ይፈጠር፣ ከዚያ ግፊቱ ቀስ እያለ ይውረድ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ለእኛ ጸጋ ነው። ክረምት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኢንዛይሙን የተሸከሙት ክሬም መልክ ያላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ክዳናቸው ተከፍቶ ካደሩ እርጥበት ይስባሉ። በማግኔት ማማሰያ ከተፈጩማ ተጣርተው ዳግም ለሥራ አይውሉም፤ ከላይ በሚዞር መቅዘፊያ ማማሰል ይሻላል። ሥራው ሲሰምር ቀልጦ እንደ ውሃ የነበረው ነገር መቅዘፊያውን ይይዘዋል፣ በመስታወት ዘንግ ሲነኩትም ክር ይመዛል።

ቲኑ 200 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ ምርቱን ያጠይመዋል፣ ራሱም እዚያው ውስጥ ይቀራል። እኛ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይበቃናል። ደግሞም ላይፔዙ ግሊሰሮል ሲሰጡት በአብዛኛው ዳርና ዳር ያሉትን የአልኮል እጆቹን ይይዛል፤ ቲኑ ግን ሁሉንም ስለሚያያይዝ ነገሩ ረግቶ ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ሥራ የወደድኩት ገና ልጅ ሳለሁ፣ ደጎሎ ከተማ ይመስለኛል። እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጋለው ሸክላ ላይ ታሸው ነበር። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ፣ ዓይናችንን አቃጥሎ ሲያበቃ ምጣዱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ዘይት ከዘይት ጋር ተያይዞ ጠንካራ ቆዳ እንደሚሆን ኬሚስትሪ ከመማሬ በፊት አይቻለሁ። ያን ያለ ጭስ መሥራት ይቻል እንደሆነ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁበት።

አረንጓዴ ነኝ እያለ ቶሉኢን በሊትር የሚደፋውን ግን አልቀበለውም። ያለ ሟሟ ይሠራ፤ አሲዱም ከነዳጅ አይምጣ። ሴባሲክ አሲድ የሚገኘው ከጉሎ ዘይት ነው፤ ጉሎ ደግሞ በየጓሯችን ይበቅላል።

አሁን ዓይኔን የጣልኩት ቬርኖኒያ ላይ ነው። ሮበርት ፐርዱ የተባለ አሜሪካዊ በ1964 እ.ኤ.አ. ሐረር አካባቢ ያገኘው የዱር ተክል ነው፤ ከዘይቱ ሦስት አራተኛው ገደማ ቬርኖሊክ አሲድ ነው፤ ሌላው ዓለም በፐርአሲድ ለፍቶ የሚያመጣውን ኢፖክሳይድ ተክሉ በራሱ ኢንዛይም ሠርቶ ያስቀምጠዋል። ችግሩ ዘሩ ሲፈጭ የራሱ ላይፔዝ ዘይቱን መፍታት መጀመሩ ነው፤ ስለዚህ ከመጨመቁ በፊት በሙቀት መግደል ያስፈልጋል። ተማሪዬን አሁን ያስጀመርኩት ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም ዘሩ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ መለካት ነው።