«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»፦ ስለ አንድ የተለመደ ጥያቄ አቀራረጽ

በየምዝገባ ቅጹና በየመጠይቁ «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» የሚለውን ያህል የተዘወተረ ጥያቄ ጥቂት ነው። አጭር ስለ ሆነም ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሚጠየቀው ነገር ሁለት ሲሆን የተዘጋጀው የመልስ ሣጥን አንድ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በደብረ ኤልያስና በመሰሉት የቅኔ ቦታዎች ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ ተምሮ ዳዊት ይደግማል። ጽሕፈት ግን ብራና መፋቅንና ብርዕ መቅረጽን የሚጨምር፣ ጥቂቶች ብቻ የሚይዙት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ቅኔውም ቢሆን በቃል ተቈጥሮ በቃል ይዘረፋል። እንግዲህ እጁ ጽሕፈት ያልለመደው ዳዊት ደጋሚ ምን ብሎ ይመልስ? «እችላለሁ» ቢል የማይችለውን መጻፍ ይጨምራል፤ «አልችልም» ቢል የደከመበትን ንባብ ይክዳል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ትርጓሜ፣ ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ዐረፍተ ነገር እየገባው ማንበብም መጻፍም የሚችለውን ሰው የሚመለከት ነው። ይህ ለትርጓሜ ነውር አይሆንም፤ ትርጓሜ ሌላ፣ ጥያቄ ሌላ ነውና። አጥኚው ሁለት መልሶችን በኋላ ሊያጣምር ይችላል፤ አንዱን ለሁለት ሊከፍል ግን አይቻለውም። «እየገባው» የሚለው ቃልም በቀላሉ አይታለፍም። የንባብ ተማሪው ግዕዙን ሳይገባው አጥርቶ ያነባልና። የ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ2ኛ ደረጃ በታች ለነበሩት መላሾች ዐረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ እያሳየ ማስነበቡ ከዚህ የተሻለ መንገድ ነበር፤ የመዘነው ግን ንባብን ብቻ ነው።

በወረቀት መጠይቅ ቆጣሪው ያብራራል፤ ማብራሪያው ከአንዱ ቆጣሪ ወደ ሌላው መለያየቱ ባይቀርም። በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ ግን የሚያብራራ የለም። ኮከብ የተደረገበት ሣጥን ባዶውን ካለፈ ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ይላል። «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ሥር ከ1ኛ ደረጃ እስከ ዲግሪ ብቻ ቢዘረዘር፣ ቅኔ ያስመሰከረው መሪጌታ «ሌላ» ወይም «ያልተማረ» ከመባል አያመልጥም። «የቤተሰብ ስም» እና ዘመን አቆጣጠሩ ያልተገለጸ «የትውልድ ቀን» የሚያስከትሉትም ስሕተት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ጥያቄው እንዲህ ቢከፈል ይሻላል፦ «አጭር ደብዳቤ አንብበው ይረዳሉ? በየትኛው ቋንቋ?»፤ «ራስዎስ መጻፍ ይችላሉ?»፤ «የቤተ ክህነት ወይም የቁርኣን ትምህርት ተምረዋል? እስከ ምን ድረስ?» ቅጹ ከመውጣቱ በፊትም ለጥቂት ሰዎች ይነበብ። ከመካከላቸው «የትኛውን ነው?» ብሎ የሚመልስ ከተገኘ፣ ያ ጥያቄ እንደገና ይጻፍ።