«የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ» ወይስ «ጠሪ»?

የሊነክስ አስኳል ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሥርዓተ ክወና እምብርት ነው። አዲስ የባስ ኮንትሮለር ሲሠራ አስኳሉ ያውቀው ዘንድ ነጂ ፕሮግራም ይጻፍለታል። ይህን ሥራ የሚያስረዱት ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሾፌር» ከሚል ሐረግ ላይ ይወድቃል፤ አንባቢውም ቲኬት መርማሪው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ይታየዋል።

«ባስ» ከላቲኑ «ኦምኒቡስ» የተቆረጠ ሲሆን ፍቺውም «ለሁሉም» ነው። ስለዚህ «የጋራ መስመር» የሚለው አቻ ከቃሉ ምንጭም ከነገሩ ጠባይም አይርቅም።

አስቸጋሪው ኮንትሮለር ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣውን አይ-ቱ-ሲ የተባለውን መስመር እንመልከት። ብዙ መሣሪያዎች በ2 ሽቦዎች ብቻ ይገናኙበታል፤ በአንዱ መረጃ፣ በሌላው የጊዜ ምት ይተላለፋል። ንግግሩን የሚከፍተውና ምቱን የሚሰጠው ኮንትሮለሩ ሲሆን ሌላው ወገን በአድራሻው፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በ7 ቢት ቁጥር፣ ሲጠራ ብቻ ይመልሳል። በአማርኛ ግን «ተቆጣጣሪ» የሌላውን ሥራ የሚመረምር እንጂ ሥራውን የሚያስጀምር አይደለም።

የእንግሊዝኛው ስያሜም ቢሆን የጸና አልነበረም። የመስመሩ ደንብ ቀድሞ «ጌታ» እና «ባሪያ» ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 7ኛ እትም «ኮንትሮለር» እና «ታርጌት» በሚሉት ተካቸው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 በሆነበት አገር፣ «ባሪያ» ዛሬም ስድብ በሆነበት ቋንቋ፣ የቀድሞውን ጥንድ እንዳለ መተርጐም አስቀድሞም ባልተገባ ነበር። «ታርጌት»ን «ዒላማ» ማለትም አያዋጣም፤ ዒላማ ይመታል እንጂ አይመልስም።

የሊነክስ ሰነድ ደግሞ ያንኑ ኮንትሮለር «አዳፕተር» ወይም «ባስ»፣ ታርጌቱንም «ክላየንት» ይለዋል። ለአንድ ዕቃ 3 ስም! ተርጓሚው ለእያንዳንዱ ልዩ አቻ ቢፈልግ አንባቢው 3 የተለያዩ ዕቃዎች ያሉ ይመስለዋል። በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፉት ስሞች እንዳሉ ይቆዩ፤ ለማብራሪያው ግን አንድ ስም ይበቃል።

እኛ የምናቀርበው «ጠሪ» እና «ተጠሪ» የሚለውን ጥንድ ነው። ሁለቱም ከአንድ ግሥ የሚወጡ ሲሆኑ «ተጠሪ» በፍርድ ቤት ቋንቋ መልስ ሰጪው ወገን ስለ ሆነ ባዕድ አይደለም። አንዱ መሣሪያ አንድ ጊዜ ጠሪ፣ ሌላ ጊዜ ተጠሪ ሊሆን መቻሉንም ጥንዱ ያለ ችግር ይሸከማል። ቃሉ በአስተዳደር ቋንቋ ወኪልን ማመልከቱ እንደ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ዐውዱ ይለየዋል ብለን እናምናለን። ለ«ድራይቨር» «ነጂ» የሚለው ለጊዜው ያገልግል፤ «የመስመር ጠሪ ነጂ» ተብሎ ሲጣመር ግን ገና ለጆሮ ይሻክራል።