ስለ መናገርና ስለ መሰወር
(የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ አንብቤ)

በሃይማኖት ነገር ከሰው ጋር መከራከር የሚወድ ወጣት ብዙ ነው፤ በክርክሩ ውስጥ እውነቱን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ነገር ለወጣት የሚረዳ አንድ መጽሐፍ በግእዝ ከተጻፉት መካከል ምረጥ ብባል፥ የዘርዐ ያዕቆብን «ሐተታ» እመርጣለሁ። የምመርጠውም በውስጡ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አይደለም። መጽሐፉ የሚያስተምረው በመልካሙ ገጽ ብቻ ሳይሆን በጐደለውም ገጽ ስለ ሆነ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በስም እንዳትሳሳት፤ ይህ ዘርዐ ያዕቆብ በዐሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሥ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ እንደሚነግረን በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ የተወለደ፥ ዳዊት የደገመ፥ ቅኔ የተማረ፥ በመጻሕፍት ትርጓሜም ዐሥር ዓመት የቈየ መምህር ነው። እኔ ዛሬ የምመረምረው ፍልስፍናውን አይደለም፤ ስለ ፍልስፍናው ብዙ ተጽፏል። የምመረምረው ይህ ሰው ከሌላው ጋር እንዴት እንደ ተነጋገረና ዝም ያለበትም ጊዜ እንዴት ዝም እንዳለ ነው።

ዘመኑን ያላወቀ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 (ቍጥሩ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። በ1626 ከሮማ ተሹሞ በመጣው በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ሊቀ ጳጳሳት ለመታዘዝ ማሉ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲካኑ ታዘዘ፤ የጾሙና የበዓሉም ሥርዐት ተለወጠ። ከዚህ በኋላ በየአገሩ ዐመፅ ተነሥቶ ብዙ ገበሬ አለቀ፤ በ1632 ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁና መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በዚያ ዘመን ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት ባሕርይ ብሎ መጠየቅ የጉባኤ ቤት ጨዋታ አልነበረም፤ ሰው በመልሱ ርስቱን ወይም አንገቱን ያጣ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም ሲያስተምር ምን አደረገ? ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፥ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ቃል ለደቀ መዛሙርቱ ያቀርብ ነበር፤ ይህኛው መልካም ነው፥ ያኛው ክፉ ነው ብሎ ግን አይፈርድም ነበር። ያተረፈውም የሁለቱንም ወገን ጥላቻ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ፈረንጅ ነው አሉት፥ ፈረንጆቹም የአገሩ ሰዎች ወገን ነው አሉት።

ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ገጽ አበልጣለሁ። አንዳንድ ሰዎች ግን ይህ የፈሪ ሥራ ነው፥ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ለያንዳንዱ ወገን የሚወደውን ብቻ ይነግረዋል፤ ይህ ሰው ግን ለያንዳንዱ የማይወደውን የባላጋራውን ቃል ነው የነገረው። ደግሞም የተቃዋሚን ቃል ባለቤቱ «አዎ፥ የኔ እምነት ይህ ነው» ብሎ እስኪያምን ድረስ አስተካክሎ መናገር ከባድ ሥራ ነው፤ ብዙ መስማትንና ብዙ መታገሥን ይጠይቃል። የኛም የትርጓሜ መምህራን ይህን ያውቁታል። አንድን ኀይለ ቃል ሲተረጕሙ አንዱን ፍች ተናግረው «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ የመጀመሪያውን ሳይጥሉ ሦስተኛውን ይጨምራሉ። እርግጥ የአንድምታው ልዩ ልዩ ፍች ከአንድ ቤት የወጣ ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ግን «አንድም»ን ከቤቱ አጥር ውጭ አሻገረው። መምህር ሆኖ ከተማረው የተማረውን መንገድ ነው የተከተለው፤ ብቻ ሌላው ሰው ሊከተልበት ወደማይደፍርበት ቦታ ወሰደው።

አንድ ነገር ግን እነቅፍበታለሁ። ሁለቱን ቃል ካቀረበ በኋላ፥ እኛ መልካም ከሆንን ይህ ሁሉ መልካም ነው የሚል ነገር ይጨምር ነበር። ይህ ሐሳብ ሲሰሙት ያሳርፋል፤ ነገር ግን የተጠየቀውን ጥያቄ አይመልስም። ባሕርዩ አንድ ነው ለሚለውም ሁለት ነው ለሚለውም፥ ግድ የለም፥ ምግባራችሁ ይመር ማለት ጥያቄያችሁ ከንቱ ነው ማለት ነው። ሰው ስለ እምነቱ ሊሞት በተዘጋጀበት ቀን እምነትህ ብዙ ልዩነት አያመጣም ከሚለው ይልቅ ተሳስተሃል የሚለው ያከብረዋል። ዘርዐ ያዕቆብ በሁለቱም ወገን የተጠላው ሁለቱን ስላስተካከለ ብቻ አይመስለኝም፤ ሁለቱንም ስላቀለለ ጭምር ይመስለኛል።

ከዚያ ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ቄስ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያስነሣል ብሎ ከሰሰው። እሱም በሌሊት ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ከተከዜ ወዲያ በበረሓ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ወጣት አንባቢ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ እንዲያነበው እመክራለሁ። ሰውየው በዋሻው መጀመሪያ ያደረገው መጸለይ ነው፤ ቀጥሎ የጸለየውን ጠየቀ። የምጸልይለት የሚሰማኝ አለን? ብሎ ከሥሩ ጀመረ። ቀጥሎም ማንን ልጠይቅ? አለ። ፈረንጁን ብጠይቀው የኔ ሃይማኖት ቀናች ይላል፤ የአገሬን መምህር ብጠይቀው የኔ ይላል፤ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ ይላሉ፤ ሁሉም ተከራካሪ ሆኖ ሳለ ማን ዳኛ ይሆናል? ዳኛ ከሰው ባጣ ጊዜ አስተዋይ አድርገኝ ብሎ ወደ ፈጣሪው ጮኸ እንጂ ፍረድልኝ አላለም። በነዚህ በሁለቱ ልመናዎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ይህን የምለው ምክር ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ስለ ሆነ ነው። አንድ የዘመዴ ልጅ ወደኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ወንድሜ ከአባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወንጌላውያን ዘንድ ገባ። በቡና ሰዓት በተነጋገርን ቍጥር እናታችን ታለቅሳለች። ምን ብዬ ልርታው?» አለኝ። እኔም፥ «መርታቱ ይቈይና፥ ወንድምህ የሚያምነውን እሱ ራሱ አዎ እንዲል አድርገህ ልትነግረኝ ትችላለህ?» አልሁት። ብዙ ሞከረ፤ የተናገረው ሁሉ ግን ስለ ወንድሙ የሰማው ስድብ ነበር። ወንድሙም ስለሱ ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ የሚመልስ አይመስለኝም። በአንድ መሶብ ሲበሉ ያደጉ ሁለት ልጆች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ማለት ነው። ልጁ ከኔ የድል ቃል ፈልጎ ነበርና ቅር ብሎት ሄደ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራንዝ ሄደ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ተቀበለው። መጻሕፍት እየጻፈ፥ የባለጸጋውን ልጆች እያስተማረ፥ ሒሩት የምትባለውን የቤት አገልጋይ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ አግብቶ ኖረ። ነገር ግን በልቡ ያመነውን ለሰው አልገለጠም፤ በሰው ፊት እንደ ሰው ሆኖ፥ በፈጣሪው ፊት ደግሞ እንዳስተማረኝ እሆናለሁ ብሎ ወሰነ። ለዚህም ምክንያት አለው፤ እውነቱን ብናገር ይሰድቡኛል፥ ያሳድዱኛል እንጂ አይሰሙኝም ይላል።

አሳዳጅ ሲመጣ ዝም ማለት ኀጢአት አይደለም፤ ከሞቀ ቤታችን ሆነን በዋሻ የኖረውን ሰው ለምን ሰማዕት አልሆነም ማለትም ነውር ነው። ነገር ግን ዝም ማለት ሌላ፥ ያላመኑትን ያመኑ መምሰል ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ቃልን መቈጠብ ነው፥ ሁለተኛው ጐረቤትን መሸንገል ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሁለተኛውን መረጠ። ጐረቤቶቹስ ጠፉ እንበል፤ መጽሐፉ ራሱ ግን ምን ዋጋ ከፈለ? አንባቢ ልብ ብሎ ቢያይ በአክሱም የነበረው ያ ሚዛናዊ መምህር በኋለኞቹ ገጾች የለም። መነኵሴውን ተፈጥሮን የሚቃወም ነው ብሎ በጥቂት መስመር ያሰናብተዋል፤ ጾምን፥ የሙሴን ሕግ፥ የመሐመድን ትምህርት እንዲሁ። ከነዚህ ፍርዶች አንዳንዱ፥ ለምሳሌ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ማውገዙ፥ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መነኵሴ ስለ ምን እንደ መነኰሰ በራሱ አፍ ሲናገር በመጽሐፉ አይሰማም። «እነሱ እንዲህ ይላሉ» የሚለው ያ ጥሩ ልማድ የት ገባ? የኔ መልስ ይህ ነው፤ በአክሱም ተቃዋሚው ፊቱ ተቀምጦ ይሰማው ነበር፥ በተሳሳተም ጊዜ ያርመው ነበር። በዋሻው ግን መላሽ አልነበረም፤ በእንፍራንዝም ሐሳቡን ስለ ሰወረ የሚያርመውን ሰው አብሮ ሰወረ። የገለጠለት ለደቀ መዝሙሩ ለወልደ ሕይወት ነው፤ መጽሐፉንም የጻፈው እሱ ለምኖት ነው። ደቀ መዝሙር ግን ባላጋራ አይደለም። ወልደ ሕይወት በበኩሉ የጻፈው ሐተታ ጠቃሚ ምክር ሞልቶበታል፤ ጥርጥሩ ግን ከመምህሩ ያነሰ፥ ስብከቱ የበዛ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ስናወራ ደግሞ ልንዘለው የማይገባ ሌላ ክርክር አለ፤ ይኸውም በውኑ ማን ጻፈው የሚለው ነው። መጽሐፉ የታወቀው በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ኢጣልያዊ የካፑቺን መነኵሴ በኢትዮጵያ ሳለ አገኘሁት ብሎ ለፈረንሳዊው ለአንትዋን ዳባዲ በላከው ጊዜ ነው፤ ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የጻፈው መነኵሴው ራሱ ነው አለ፤ በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህን ደገፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1976 ባሳተሙት ሥራ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። በ2013 ፈረንሳዊቷ አናኢስ ቪዮን ጥርጣሬውን እንደ ገና አነሣችው፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከኛ ሰዎች አንዳንዱ የሚጠራጠረውን ሁሉ አገራችንን የናቀ ነው ይላል፤ ከውጭም እንዲህ ያለ ሐሳብ ከሐበሻ ሊወጣ አይችልም ብሎ የጀመረ ነበር። ሁለቱም ማስረጃውን ከማየታቸው በፊት ፈርደዋል፤ የሰምነርንም የቪዮንንም አንብቦ የሚከራከር ግን ከስንት አንድ ነው።

የእጅ ጽሑፉን ምርመራ ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። ነገር ግን ኮንቲ ሮሲኒ እውነቱን ከሆነ፥ «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፥ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ» እያለ በማንም ላይ ሳይፈርድ ያስተማረውን መምህር በብዕሩ የፈጠረው አንድ ፈረንጅ፥ ያውም ሕዝቡን ወደ ሮማ እንዲመልስ የተላከ ሚስዮናዊ ነበር ማለት ነው። እንዲህም ቢሆን ያን ገጽ ለዘመዴ ልጅ አስነብበዋለሁ።