ጥቅምት 30ን እምቢ ያለው ዴታቤዝ

መተማ ላለ የሰሊጥ መጋዘን የመዝገብ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። ጆንያው እየገባ ነው፤ ቀኑ ጥቅምት 30፣ 2016 ዓ.ም.። ፖስትግሬስ ውስጥ ለቀን በተሠራው ዓምድ «2016-02-30» ብላችሁ ስታስገቡ እምቢ ይላችኋል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ! ጳጉሜ 5ንም ይመልሰዋል፤ 13ኛ ወር አያውቅም። የሚያስፈራው ግን ጥቅምት 10 ነው፦ ፌብሩዋሪ 10 መስሎት ዝም ብሎ ይቀበለዋል።

ታዲያ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ «30/02/2016» ብሎ መገላገል ያምራል። የሚያደርገውን ሰው አልፈርድበትም፤ መሣሪያው የተሠራው ለሌላ አቆጣጠር ነው። መፍትሔው ግን ስህተት ነው።

ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያወዳድረው ከግራ ጀምሮ፣ ፊደል በፊደል ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያው መተማ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው የሞቱት መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጽሑፍ ዓምድ ላይ «02/07/1881» ብላችሁ መዝግቡትና ከ«01/02/2016» እስከ «30/02/2016» ያለውን አምጣ በሉት። የንጉሡ ሞት ከጥቅምቱ ሰሊጥ ጋር አብሮ ይመጣል! «02» ከ«01» ይበልጣል፣ ከ«30» ያንሳል፤ በቃ። የገበሬ ክፍያ በእንዲህ ያለ ኳሪ ሲሰላ አስቡት።

እኔ የምለው፣ ውስጡ 2023-11-10 ተብሎ እንደ ቀን ይቀመጥ፤ ጥቅምት 30 የሚለው ሰው በሚያየው ገጽ ላይ ይውጣ። ኳሪ ስትጽፉም ቀኑን በጽሑፍ አትቀጥሉት፤ ራሱን እንደ ቀን አሳልፉት። የግድ ጽሑፍ ከሆነ ዓመቱን አስቀድሙ፦ «03/10/1889»ን አሜሪካዊው ማርች 10፣ እንግሊዛዊው ኦክቶበር 3 ብሎ ያነበዋል። ዓምዱን ኳሪው ውስጥ ወደ ጽሑፍ እየለወጡ ማወዳደርም ሌላ ጣጣ አለው፤ በቀኑ ላይ የተሠራው ኢንዴክስ ሥራ ይፈታል።

ቅየራውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛሬ መጋቢት 2 ማርች 11 ላይ ይውላል፤ በ1881 ግን ማርች 10 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 የካቲታቸውን 29 አላደረጉም፣ እኛ ደግሞ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አላቋረጥንም። «9 ቀን ደምር» ብሎ የተጻፈ መቀየሪያ ንጉሡን አንድ ቀን አሳድሮ ይገድላቸዋል። መቀየሪያችሁን በዚህ ቀን ሞክሩት።