የሪከቨሪ ጥናትና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሕሙማን

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የተጀመረው ሪከቨሪ የተሰኘው ጥናት፣ በኮቪድ-19 ሳቢያ ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን በዕጣ እየመደበ የልዩ ልዩ ሕክምናዎችን ጥቅም የመዘነ ታላቅ ሥራ ነው። ርካሽና በቀላሉ የሚገኘው ዴክሳሜታዞን ሕይወት አዳኝ መሆኑን በማስረዳቱም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ውጤቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለ ተዳከመ ሕመምተኛ ምን ያህል ይናገራል?

በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን እስከ 10 ቀናት እንዲወስዱ ከተመደቡት 2,104 ሕሙማን መካከል በ28 ቀናት ውስጥ 22.9 በመቶው ሞተዋል። የተለመደውን ሕክምና ብቻ እንዲያገኙ ከተመደቡት 4,321 ሕሙማን ደግሞ የሞቱት 25.7 በመቶ ናቸው። ይህ አማካይ ግን ሰፊ ልዩነትን ሸፍኗል። በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዱ በነበሩት ዘንድ ሞት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ፣ ኦክስጂን ብቻ ይሰጣቸው በነበሩት ዘንድ ከ26.2 ወደ 23.3 በመቶ ዝቅ ብሏል። ኦክስጂን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅሙ አልታየም። አጥኚዎቹ ይህን ለይተው ማቅረባቸው የሥራው ብርታት ነው።

ጉድለቱ ሕሙማኑ በኦክስጂን ፍላጎታቸው እንጂ በመከላከል አቅማቸው ተለይተው አለመታየታቸው ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ተሳታፊዎች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ስለ እነርሱ ለብቻው የሚቆም መደምደሚያ ማግኘት አይቻልም።

የዚህን ልዩነት ክብደት ያሳየው ራሱ ሪከቨሪ ነው። ካሲሪቪማብና ኢምዴቪማብ የተባሉት አንቲቦዲዎች በተፈተኑበት ክፍል፣ የራሳቸው አንቲቦዲ ባልነበራቸው ሕሙማን ዘንድ ሞት ከ30 ወደ 24 በመቶ ወርዷል፤ በነበራቸው ዘንድ ግን ጥቅም አልተገኘም። እርግጥ አንቲቦዲ አለመኖር ብቻውን የመከላከል አቅም ተዳክሟል ማለት አይደለም፤ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ያለ ጤነኛ ሰውም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ኦሚክሮን ከመጣ በኋላም እነዚህ መድኃኒቶች ኃይላቸውን አጥተዋል። ቢሆንም ሕክምናን ከሕመምተኛው የመከላከል ሁኔታ ጋር አያይዞ የመመርመር ትምህርቱ አልተሻረም።

ጉዳዩ ለአገራችን የጤና ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው። የሲ ዲ 4 ቁጥሩ የወረደ ሕመምተኛ በትንፋሽ ማጠር ሲመጣ፣ የቫይረስ ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑ ጥያቄውን አይዘጋም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኒሞሲስቲስ ኒሞኒያ አብሮ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ትኩሳትን አጥፍቶ ሌላውን ኢንፌክሽን ሊሸሽግ፣ ስትሮንጂሎይደስ የተባለውንም ትል በሰውነት ውስጥ ሊያሰራጭ ይችላል።

ስለሆነም ኦክስጂን ለሚያስፈልገው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ ኤች አይ ቪ አለበት ተብሎ ዴክሳሜታዞን ሊነፈገው አይገባም፤ ኦክስጂን ለማያስፈልገው ግን «ለጥንቃቄ» ተብሎ አይሰጥም። በሚሰጥበትም ጊዜ የአክታ ምርመራው ጎን ለጎን ይካሄድ፤ ትሉ በሚገኝበት አካባቢ አይቨርሜክቲን ይታሰብ። ውጤቱን ወደ ሌሎች የቫይረስ ኒሞኒያዎች መዘርጋትም ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለከባድ ኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪርን ሲጠቁም፣ ስቴሮይድ እንዳይሰጥ መክሯል።

ወደፊት የሚታቀዱ ጥናቶች እነዚህን ሕሙማን በበቂ ቁጥር ማካተትና ውጤታቸውን ለይተው ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። እስከዚያው ድረስ የአማካይ ቁጥር የአልጋ ዳር ምርመራን ሊተካ አይችልም።