ብቻውን የሚጫወት ሰውና ጓደኞቹ

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የመተማ ቈላ ሰው ይበዛበታል። ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበትም ዘፈን አይጠፋም። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚያጫውተው ማሲንቆውን አንግቶ ከደጋ የሚወርደው አዝማሪ ነበር። ዛሬ ግን በሠርግ ቤት አንድ ወጣት በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ክራሩንም ዋሽንቱንም እያወጣ ሌሊቱን ብቻውን ሲያነጋው ማየት የተለመደ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሥልጣኔ ይቈጥረዋል፤ ለእኛ ግን አንድ የጐደለ ነገር ያለ ይመስለናል። ይህንንም ለማስረዳት ብቻውን በመጫወት የተመሰገነ የአንድ ሙዚቀኛን ሥራ እንመርምር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አኮርዲዮንንም በ14 ዓመታቸው ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። በኋላም በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋሊያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ሆኑ። ይህ ባንድ በ1977 ያወጣው «ጨ በለው» የተባለው ሸክላ ዘፋኝ ሳይኖርበት ሲናገር የሚኖር ሥራ ነው። የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ሲጠይቅ ኦርጋኑ ይመልሳል፤ የመላከ ገብሬ ባስ ጊታርም ከሥር ሆኖ ሁሉን ይሸከማል። አቶ ኃይሉ በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ በ1978 ከሌላ ባንድ፣ ከዳህላክ ጋር፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። የራሱ ባንድ ያለው ሰው ወደ ሌላው ባንድ መሄዱ ማንም ሰው ለብቻው ምሉዕ አለመሆኑን ማወቁን ያሳያል።

በ1981 ዋሊያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ለመጫወት በሄደ ጊዜ አቶ ኃይሉና አንዳንድ ጓደኞቻቸው በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» በመባል የሚታወቀውን ካሴት ለብቻቸው ቀረጹ፤ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ሁሉ የተጫወቱት እርሳቸው ሲሆኑ፣ የከበሮውን ሥራ የፈጸመው መኪና ነው። እንግዲህ «ለብቻ መጫወት የሚያስነቅፍ ከሆነ ይህስ እንዴት ተወደደ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሳችን ይህ ነው። የከበሮው መኪና አኮርዲዮኑ ሲያዝን አብሮት አያዝንም፤ ሲዘገይም አይጠብቀውም። ይህ የካሴቱ ጉድለት ነው። ዳሩ ግን አቶ ኃይሉ ይህን ሲሠሩ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ በተባለ ባንድ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ብዙ ዘመን የጓደኛን መልስ ሲሰማ ስለ ኖረ፣ አንዱ እጃቸው ሲጠይቅ ሌላው እጃቸው በጓደኛ ፈንታ መመለስን ያውቃል። ስለዚህ «ሸሞንሟናዬ» የብቸኝነት ፍሬ ሳይሆን የአብሮነት ቅምጥ ሀብት ነው። ሳያስቀምጥ ሊያወጣ የሚሻ ግን ከየት ያመጣል?

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይሉ መድረኩን ትተው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ፤ ቢሆንም ትንሽ ኪቦርድ በመኪናቸው ይዘው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ሲመለሱ መኪናውን አልመረጡም። በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ን የሠሩት ከከበሮ መቺው ከቶኒ ባክና ከባስ ተጫዋቹ ከማይክ ማይኮቭስኪ ጋር ነው። በዚያም «ትዝታ» በአኮርዲዮን በዝግታ ሲጀምር የሚጠብቁት፣ ሲነሣም አብረውት የሚነሡ ሰዎች መኖራቸው ይታወቃል። በመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ፒያኖው ብቻውን ይቀራል፤ ጓደኞቹ ከተሰሙ በኋላ ዝም ማለታቸው ራሱ ዜማ ይሆናል።

ይህን ትምህርት ለመተማ ወጣት ለመንገር ወደ ዋሽንግተን መሄድ አያስፈልግም ነበር። አዝማሪ ማሲንቆው አንድ ቢሆንም ብቻውን ተጫውቶ አያውቅም፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ኪቦርዱ ግን ከማንም አይቀበልም።

የመተማ ጆሮ ደግሞ ዕድለኛ ጆሮ ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለው የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ፣ አኮርዲዮንንም ከዋነኞቹ መሣሪያዎቹ አንዱ ያደረገ ነው። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው በዚህ በር ተሰዶ መጥቷል። አብሮ ለመጫወት የሚሻ ጐረቤት ከዚህ የበለጠ ቅርብ አይገኝም።

እኛ ኪቦርዱ ይጣል አንልም፤ አቶ ኃይሉም አልጣሉትም። የምንለው ግን የከበሮው ቍልፍ ይጥፋና ከበሮው ለአንድ ጓደኛ ይሰጥ ነው። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም።