በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው ጥቅስ፦ የሉተር «የቤት ሰሌዳ» እና የእኛ የቤተ ሰብ ትምህርት

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1528 የሳክሶኒን አጥቢያዎች እንዲጎበኙ ከተላኩት ሰዎች አንዱ ነበር። በዚያ ያየው ነገር አስደነገጠው። ሕዝቡ ተጠምቋል፣ ይቆርባልም፤ ነገር ግን የጌታን ጸሎትና ዐሥርቱን ትእዛዛት አያውቅም። ከመጋቢዎቹም ብዙዎቹ ለማስተማር የሚበቁ አልነበሩም። በ1529 የታተመው «ትንሹ ካቴኪዝም» የዚህ ድንጋጤ ፍሬ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የወጡት በግድግዳ ላይ በሚሰቀሉ ወረቀቶች ሲሆን፣ የተዘጋጁትም የቤቱ አባት ለቤተ ሰቡ እንዲያስተምራቸው ታስበው ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው አጭር ክፍል አለ። ስሙ በጀርመንኛ «ሀውስታፍል» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የቤት ሰሌዳ» ብንለው ያስኬዳል። ሉተር በዚህ ክፍል አንዳች ማብራሪያ አይሰጥም። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን እየመረጠ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ኑሮው ድርሻውን ያድላል፤ ለጳጳሳትና ለመጋቢዎች፣ ለገዢዎች፣ ለባሎች፣ ለሚስቶች፣ ለወላጆች፣ ለልጆች፣ ለቤት ሠራተኞች፣ ለአሠሪ ጌቶችና እመቤቶች፣ ለወጣቶች፣ ለመበለቶች፣ በመጨረሻም ለሁሉም። ይህ ጽሑፍ ሰሌዳውን በሁለት ጥያቄዎች ይመረምራል፦ ሉተር የትኞቹን ጥቅሶች መረጠ? የትኞቹንስ ተወ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። እኛም በየአጥቢያችን፣ በወረቀት ባንጽፈውም፣ የራሳችን የቤት ሰሌዳ አለንና።

አስቀድመን የሰሌዳውን ብርታት እንይ። በሉተር ዘመን «ቅዱስ ኑሮ» ሲባል ሰው የሚያስበው ገዳምን ነበር። ዓለምን ትቶ የመነነው ሰው ከፍ ያለውን መንገድ እንደ መረጠ፣ ልጅ የምታጥብ እናት ደግሞ ዝቅተኛውን መንገድ እንደ ያዘች ይታሰብ ነበር። ሉተር ግን ሰሌዳውን የሰየመው ስለ ቅዱሳን ሥርዓቶች እንደሚናገር አድርጎ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ባልነትን፣ እናትነትንና የቤት ሥራን ቈጠረ። ጥሪ ማለት ወደ መድረክ መውጣት ብቻ ለሚመስለን ለእኛ ይህ ዛሬም ተግሣጽ ነው። «አገልግሎት ላይ ነኝ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ከቤቱ የሚጠፋ መጋቢ፣ ሳያውቀው ሉተር የነቀፈውን አስተሳሰብ በአዲስ ልብስ መልሶ አምጥቶታል።

ነገር ግን ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ስናያቸው አንድ ጉድለት እናገኛለን። ለሚስቶች ከተመረጡት መካከል ኤፌሶን 5፥22 አለ፤ ሚስት ለባልዋ እንድትገዛ የሚያዘው ቃል ነው። ለባሎች የተመረጡት ደግሞ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 እና ቈላስይስ 3፥19 ናቸው። ኤፌሶን 5፥25 ግን የለም። ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳትና ራሱን ስለ እርስዋ እንደ ሰጠ እንዲወድድ የሚያዘው ቃል፣ ማለትም ጳውሎስ ቁጥር 22ን ያሰረበት ገመድ፣ በሰሌዳው ላይ አልተጻፈም። እርስ በርስ ስለ መገዛት የሚናገረው ቁጥር 21ም እንዲሁ።

ለሉተር ፍርድ ማጓደል አይገባም። ለባሎች የመረጣቸው ጥቅሶች ቀላል አይደሉም። ጴጥሮስ ሚስት የሕይወትን ጸጋ አብራ የምትወርስ መሆንዋን ይናገራል፤ እርስዋን የማያከብር ባልም ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። ጳውሎስም በቈላስይስ መራራ መሆንን ይከለክላል። ደግሞም ሉተር በዚያው ዓመት ለመጋቢዎች ባዘጋጀው የጋብቻ ሥርዓት ውስጥ ኤፌሶን 5፥25 እና ተከታዮቹ ቁጥሮች ለሙሽራው እንዲነበቡ አድርጓል። ስለዚህ ጥቅሱን አላወቀውም ወይም ጠላው ማለት አይቻልም። የእኔ ትችት ስለ ቦታው ነው። የመስቀሉ ፍቅር የሰፈረው አንድ ቀን በሚነበበው የሠርግ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ በየቀኑ እንዲታሰብ በተዘጋጀው ሰሌዳ ላይ የሰፈረው ግን መገዛት ነው።

ይህን ካየን በኋላ ወደ ራሳችን ብንመለስ የምናገኘው ያንኑ ነው። በሠርግ ቀን ኤፌሶን 5፥25 ያልተሰበከበት አጥቢያ የለም። ሙሽራው ነጭ ልብስ ለብሶ፣ መዘምራን ቆመው፣ ሕዝቡ «አሜን» እያለ ክርስቶስ ራሱን እንደ ሰጠ ይነገረዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስቲቱ እያለቀሰች ወደ ሽማግሌዎች ስትመጣ ግን የሚከፈተው ክፍል ይቀየራል። «አንቺስ ትገዢለታለሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል፤ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» የሚለው ምክር ይከተላል። በመጋቢነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እኔም ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ጠይቄአለሁ። ጥቅሱን አልካድኩም፤ የተውኩት በሠርጉ አዳራሽ ነበር። በቤቷ የምትደበደብ እኅት ከቃሉ ግማሹን ብቻ ስትሰማ፣ ያ ግማሽ ቃል ለመታው እጅ መሸሸጊያ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት የሚመለከተው እኛን መጋቢዎችን ነው። ሰሌዳው ለጳጳሳትና ለመጋቢዎች 1ኛ ጢሞቴዎስ 3ን ሲጠቅስ እስከ ቁጥር 4 ይሄድና ቁጥር 5ን ዘልሎ ወደ ቁጥር 6 ይሻገራል። በቁጥር 4 መሪው ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር፣ ልጆቹም የሚታዘዙለት መሆን እንዳለበት ተጽፏል። ቁጥር 5 ግን ምክንያቱን የሚሰጥ ጥያቄ ነው፤ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል? እዚህ ላይ ጳውሎስ ግሡን ይለውጣል። ስለ ቤት ሲናገር የተጠቀመበት «ፕሮኢስቴሚ» ከፊት መቆምን፣ መምራትንና ኃላፊ ሆኖ መንከባከብን የሚያመለክት ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲናገር ግን «ኤፒሜሌኦማይ» ይላል። ይህ ግሥ በአዲስ ኪዳን ከዚህ ሌላ የሚገኘው በሉቃስ 10፥34 እና 35 ብቻ ነው፤ ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ ማደሪያው ወስዶ ሲጠብቀው፣ ባለ ቤቱንም እንዲጠብቀው አደራ ሲለው።

እንግዲህ ጳውሎስ መሪውን የሚመዝነው ቁስለኛን መጠበቅ በማወቁ ነው፤ ይህንንም የሚማርበት የመጀመሪያው ቦታ ቤቱ ነው። ቁጥር 5 ሲዘለል ቁጥር 4 ብቻውን ይቀርና መመዘኛው የልጆች ዝምታ ይሆናል። በሽማግሌዎች ምርጫ ጊዜ የምንጠይቀውን እናስታውስ። «ልጆቹ ሥርዓት አላቸው? ስማቸው በክፉ ይነሣል?» እንላለን። ልጁ ሲታመም ሌሊት ማን እንደሚነሣ፣ ሚስቱ ስትደክም ምን እንደሚያደርግ፣ የጠፋ ልጁን እንዴት እንደሚቀበል ግን አንጠይቅም። በዚህም ምክንያት ብዙ የመጋቢ ልጆች የአባታቸውን አገልግሎት ላለማሰናከል ዝም ማለትን ይማራሉ። ዝምታቸውን እንደ መታዘዝ እንቈጥረዋለን፤ ያደጉ ዕለት ግን ከቤቱም ከጉባኤውም ይወጣሉ።

እስካሁን ሰሌዳውን ነቀፍን። አሁን ሰሌዳው እኛን የሚነቅፍበትን እንስማ። በሉተር ሰሌዳ ላይ የቤት ሠራተኛ የራሷ ቦታ አላት፤ ለአሠሪዎቿም ኤፌሶን 6፥9 ተጽፎላቸዋል። ማስፈራራትን እንዲተዉ፣ ፊት የማያዳላ ጌታ በሰማይ እንዳላቸውም እንዲያውቁ ይነገራቸዋል። የእኛን የቤተ ሰብ ሴሚናሮች ርእሶች እንመልከት፦ ባልና ሚስት፣ የልጆች አስተዳደግ፣ የገንዘብ አያያዝ። በብዙ የከተማ ቤቶቻችን የምትኖረው፣ ልጆቻችንን የምታሳድገው የቤት ሠራተኛ በየትኛው ርእስ ሥር ናት? እሑድ ጠዋት ቤተ ሰቡ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሲወጣ እርስዋ ወጥ ልትሠራ ትቀራለች። እኛ ስለ ክርስቲያናዊ ቤት ሰምተን እንመለሳለን፤ የእርስዋ ድርሻ ምሳ ማቅረብ ነው። ከገጠር የመጣች የሰው ልጅ ናት፤ ደመወዟ ሲዘገይ የምትጮኽበት ዘመድ በአጠገቧ የላትም። ያዕቆብ 5፥4 የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። በዚህ ነገር የ1529ኙ ሰሌዳ ከእኛ ሴሚናር ይበልጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሰሌዳውን መጣል አይገባም፤ ጎደሎውን ሞልቶ ማስተማር ይሻላል። ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስናስተምር ኤፌሶን 5ን ከቁጥር 21 ጀምረን ሙሉውን እናንብብ፤ ጥንዶቹም ከተጋቡ ከዓመት በኋላ ጠርተናቸው ያንኑ ክፍል ደግመን እናንብብላቸው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቀው ባልየውን ይሁን። በቤቷ የምትመታ እኅት ስትመጣ ከሁሉ አስቀድመን እርስዋና ልጆቿ የሚጠበቁበትን እንፈልግ። ሽማግሌ ስንመርጥ ቁጥር 4ን ከቁጥር 5 ሳንለይ እንመዝን፤ ሚስቱም ያለ ፍርሃት የምትናገርበት ዕድል ይኑር። በቤታችን የምታገለግለው እኅት እሑድ የምታመልክበት ሰዓትና በወሩ መጨረሻ የሚከፈላት ደመወዝ እንዳላት እያንዳንዱ መጋቢ አስቀድሞ ከራሱ ቤት ይጀምር።

ሉተር ሰሌዳውን ያዘጋጀው ወንጌል ከጉባኤ ወደ ማዕድ ቤት እንዲደርስ ነው። እኛም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ በሩን የሚከፍትልን ሰው አለ፤ ሚስታችን፣ ልጃችን ወይም ሠራተኛችን። በቤታችን ሰሌዳ ላይ ምን እንደ ተጻፈ አንብበው ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ናቸው።